ሁለት የሚመሳሰሉ ቀዮች፦ ለሳሎን የትኛውን? በሰሜን ሸዋ ቤቶች ብርሃን ቀይ የግድግዳ ቀለም ለመምረጥ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ሳሎንን ቀይ ለመቀባት መወሰን ራሱ ድፍረት ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚቸገረው ግን ከውሳኔው በኋላ ነው። ካታሎግ ይገለጣል፣ ቀይ በቀይ ይሆናል፣ ቶሎ ተብሎ ሁለት ይመረጣል። ከዚያ ነገሩ ይቆማል። ባል አንዱን ይላል፣ ሚስት ሌላውን። ባለሱቁም ገበያው እንዳያመልጠው "ኧረ እትዬ፣ ሁለቱም ያው ቀይ ናቸው" ይላል።

ያው አይደሉም። ሱቅ ውስጥ መንታ የሚመስሉ ሁለት ቀዮች ደብረ ብርሃን በክረምት ጠዋት አንዱ ጡብ፣ ሌላው ወይን ጠጅ ሆነው ቁጭ ይላሉ። ማታ ቢጫ አምፖል ሲበራ ደግሞ ተመልሰው ሊቀራረቡ ይችላሉ። ስለዚህ "የትኛው ያምራል?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። መጠየቅ ያለበት "በየትኛው ሰዓት የሚያምረው ይሻለኛል?" ተብሎ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የሚደረግ ሥራ ነው።

መጀመሪያ፦ ክፍሉ የቀን ነው የማታ?

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ለዩ። ሰው ሁሉ ውሎ የሚገባው ማታ ከሆነ፣ ራት የሚቀርበውና ቴሌቪዥን የሚከፈተው ማታ ከሆነ፣ ሳሎኑ የማታ ክፍል ነው። ቀይዋን መምረጥ ያለባችሁ በአምፖል ብርሃን ነው። እናት ቀኑን ሙሉ የሚውሉበት፣ ጎረቤት ለቡና የሚሰበሰብበት ከሆነ ግን የቀን ክፍል ነውና የመስኮቱ ብርሃን ይፍረድ። በር ተዘግቶበት ለበዓል እንግዳ ብቻ የሚከፈት ሳሎንም አለ። እሱን የፈለጋችሁትን ቀቡት፣ ማንም አይኖርበትም።

ሁለቱ ቀዮች ወዴት እንደሚያደሉ ማወቅ

ቀይ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ወይ ወደ ብርቱካን፣ ወይ ወደ ሐምራዊ። የመጀመሪያውን ለዚህ ጽሑፍ ያህል በርበሬው እንበለው፣ ሁለተኛውን ወይን ጠጁ። ሱቅ ውስጥ ይህን መለየት የሚያስቸግረው ዓይን ቀይ ብቻ ሲያይ ቶሎ ስለሚለምድ ነው። ካታሎጉን ለጥቂት ደቂቃ ትኩር ብላችሁ ካያችሁት በኋላ ልዩነቱ እየጠፋ ይሄዳል። ዞር በሉ፣ ውጭ ያለ ግራጫ ነገር እዩ፣ ከዚያ ተመለሱ።

ቀላሉ መለያ ነጭ ወረቀት ነው። ሁለቱን ናሙናዎች ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አራርቃችሁ አስቀምጡ። ጎን ለጎን ከተጣበቁ አንዱ ሌላውን ይገፋዋል። በርበሬው ከወይን ጠጁ አጠገብ ሲሆን ከእውነቱ ይበልጥ ብርቱካን ይመስላል።

ከዚህ የሚበልጥ ግን አንድ ዘዴ አለ፣ ከሁለቱም ቀዮች ትንሽ የሙከራ ጣሳ ከገዛችሁ በኋላ የሚሠራ። ከእያንዳንዱ ቀይ አንድ ማንኪያ ውሰዱና በተለያየ ኩባያ ውስጥ ከዐሥር ማንኪያ ያህል ነጭ ቀለም ጋር በደንብ አማስሉት። ሁለት ሮዞች ታገኛላችሁ። አንደኛው የበሰለ ፓፓያ ውስጡን የሚመስል ሞቅ ያለ ይሆናል፣ ሌላኛው ቀዝቀዝ ያለ፣ ወደ ሊላ የሚጎትት። ቀዩ ጥቅጥቅ ሲል የደበቀውን ነጩ ያወጣዋል። ሁለቱ ሮዞች አንድ ዓይነት ከወጡ ደግሞ እፎይ በሉ። የቀለሞቹ ልዩነት የድምቀት ብቻ ነው ማለት ነው። ርካሹን ግዙ።

ሱቅ ላይ ሌላ የምትጠይቁት ነገር ቁጥሩ ነው። በማሽን የተቀየጠ ቀለም ክዳኑ ላይ የቀለሙ ቁጥርና የቅይጡ መጠን የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፍበታል። በስልክ ፎቶ አንሱት። ቀለም ቀቢው በዓይኑ መጥኖ ባልዲ ውስጥ የቀየጠው ቀይ ግን ዳግመኛ አይገኝም። ግድግዳው መሃል ላይ ቀለም ካለቀ ያለቀለት እሱ ብቻ አይደለም።

መስኮቱ ወዴት ይዞራል?

ስለ ቤት ቀለም የሚነበበው ምክር አብዛኛው የአውሮፓና የአሜሪካ ነው። "ወደ ሰሜን የዞረ ክፍል ቀዝቃዛ ብርሃን ነው የሚያገኘው፣ ሞቃት ቀለም ቀቡበት" ይላል። እነሱ ጋ ልክ ነው። እኛ ጋ እንዲህ አይሠራም።

ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው ያለችው። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ታልፋለች፣ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ወደ ሰሜን ታጋድላለች፣ በቀሩት ወደ ደቡብ። ስለዚህ ወደ ሰሜን የዞረው መስኮት ፀሐይ የሚያገኝበት ጊዜ አለው። ችግሩ አብዛኛው ከክረምቱ ደመና ጋር መግጠሙ ነው። በጋውን ሙሉ ደግሞ ፀሐዩን የሚወስደው የደቡቡ መስኮት ነው።

ለቀይ ምርጫ ከዚህ ይልቅ የሚያጣላው የምሥራቅና የምዕራብ ጉዳይ ነው። የምሥራቅ መስኮት ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቢጫ ብርሃን ያስገባል፣ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ጥላ ነው። የምዕራቡ ተቃራኒው ነው። ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያለው ፀሐይ በርበሬው ላይ ሲያርፍ ግድግዳው እሳት ይሆናል። ለአንዳንዱ ሰው ይህ ደስ ይላል። ለእኔ ይበዛብኛል። ምዕራብ ለሚያይ ክፍል ወይን ጠጁን አስቀድማለሁ።

ከመስኮቱ ውጭ ያለውንም እዩ። ደጃችሁ ባሕር ዛፍ ከሆነ ወደ ቤት የሚገባው ብርሃን አረንጓዴ ነክቶት ነው። አረንጓዴ ብርሃን ቀይን ያደበዝዛል፣ ወደ ቡኒ ይወስደዋል። የጎረቤት አዲስ ቆርቆሮ ከሆነ የሚገባው ነጭ ነጸብራቅ ነው፣ ቀዩን ያገረጣዋል።

ከፍታውም ልዩነት አለው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጣርማበርን ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ናችሁ። ላይኛው ላይ ሰማዩ ሲጠራ ብርሃኑ ስለታም ነው፣ ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ ግራጫ ነው። በጭጋግ ቀን ወይን ጠጁ ይከብዳል፣ በርበሬው ግን ቤቱን ሞቅ ያደርገዋል። ቀለም ክፍል አያሞቅም፣ ሙቀት መለኪያ ብታስቀምጡ ለውጥ የለም። ግን ደብረ ብርሃን ኅዳር ላይ ጋቢ ለብሶ የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን ይነግራችኋል። ሸዋ ሮቢት ሰው መስኮቱን በመጋረጃ ጋርዶ ሙቀት የሚሸሽበት ክፍል ውስጥ ግን ብርቱካን ያዘለ ቀይ ማስገባት አይመከርም። እዚያ ወይን ጠጁ፣ እሱም በአንድ ግድግዳ ብቻ።

ናሙናው ትልቅ ይሁን፣ ግድግዳው ላይ አይሁን

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት።

የካታሎጉ ቁራጭ የክብሪት ሣጥን አያክልም። ቀለም ትልቅ ቦታ ላይ ሲሆን ይበረታል፣ በተለይ ቀይ። ግድግዳ ላይ ሲወጣ ካሰባችሁት በላይ ይጮሃል። ስለዚህ ከሁለቱም ቀዮች ትንሹን ጣሳ ግዙ። ብዙ ሱቅ በጋሎን ካልሆነ አልሸጥም ይላል፣ ግን የሊትር ጣሳም አይጠፋም፣ ጠይቁ።

አሮጌው ግድግዳ ላይ አትሞክሩት። ምክንያቱ የድሮው ቀለም ነው። ብዙ ቤት ሳሎኑ ቀላል አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ነው። አረንጓዴ ላይ የተቀባ ቀይ ቁራጭ ከእውነተኛው በላይ ይደምቃል፣ አረንጓዴና ቀይ አንዱ ሌላውን ስለሚያጎላ። በዚያ ላይ የሙከራው ጠርዝ በኋላ ከላይ ሲቀባበት ቅርጹ ይታያል።

በምትኩ ከኤምዲኤፍ ወይም ከወፍራም ካርቶን 60 በ60 ሳንቲሜትር የሆኑ ሁለት ሰሌዳዎች ቁረጡ። አንድ እጅ ነጭ ቀቡ፣ ይድረቅ። ከዚያ ዳር ዳሩን ሦስት ጣት ያህል ነጭ ትታችሁ መሃሉን ቀዩን ቀቡ። የተተወው ነጭ ናሙናውን ከድሮው ግድግዳ ይለየዋል። ቀይ አንድ እጅ ተቀብቶ አይፈረድበትም። በመጀመሪያው እጅ ነጩ ከሥር ያሳልፋል፣ የብሩሹ መስመር ይታያል፣ ሰው ሁሉ "ይሄማ ሮዝ ነው" ይላል። ሁለተኛው ይሻላል። ሦስተኛው ላይ ነው እውነቱ የሚወጣው። ከሥሩ ምንም የማይታይበት ድረስ ቀቡት።

ከዚያ ተዉት ይድረቅ። ፕላስቲክ ቀለም እርጥብ ሲሆንና ሲደርቅ አንድ አይደለም፣ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይጠቁራል። ደብረ ብርሃን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነውና ማድረቂያው ጊዜ ይረዝማል። ቀኑን 4 ሰዓት አካባቢ ጀምሩ፣ አዳር ይደርና በማግስቱ እዩት።

ሰሌዳዎቹን ማዞር

ሁለቱን ሰሌዳዎች በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን አትስቀሉ። አንዱን ብቻ ዓይናችሁ ቁመት ላይ አቁሙ፣ ክፍሉን ልቀቁና ተመልሳችሁ ግቡ። የመጀመሪያው ስሜት ነው የሚጠቅመው። ከዚያ ሌላውን።

ቦታቸውንም ቀያይሩ። መስኮቱ ያለበት ግድግዳ ሁልጊዜ ከቀሩት ይጨልማል፣ ብርሃኑ ከኋላው ስለሚመጣ። መስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ደግሞ ሁሉን ነገር ይቀበላል። አንድ ቀይ በሁለቱም ላይ ቀይ ሆኖ ከቆየ ጥሩ ምልክት ነው። ክፍሉን ዙሪያውን ቀይ ለማድረግ ካሰባችሁ ደግሞ ሰሌዳውን ማዕዘን ውስጥ አስገቡ፣ አጠገቡ በዚያው ቀይ የተቀባ ሌላ ሰሌዳ አቁሙ። ማዕዘን ላይ ቀይ ለቀይ ብርሃን ይወራወራል፣ ከአንድ ሰሌዳ የማይታይ ጥልቀት ይወጣል። በሁለት ግድግዳ ይህን ካደረገ በአራቱ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ሰዓቱ ደግሞ ጠዋት 2፣ ቀን 7፣ ከሰዓት 11 ተኩልና ማታ 2 ይሁን። ከእነዚህ ውስጥ ለመፍረድ የሚበቃው 12 ሰዓት ሊሆን ሲል ያለው ነው። መብራት አታብሩ፣ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። ብርሃኑ እየደከመ ሲሄድ ነጩ ጠርዝ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ሰማያዊው ትራስ ይታያል፣ ቀዩ ግን ቀስ እያለ ወደ ጥቁር ይገባል። ጥላው ውስጥ ሲገባ የረጋ ደም መሰለ የሚሉት ይህን ነው። ከሁለቱ በጥቂቱም ቢሆን የሚጠቁረው ቀድሞ ይሄዳል። ቼካዊው ሳይንቲስት ያን ፑርኪኜ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስተዋለው ነገር ነው፣ ስሙም በእሱ ይጠራል። ዓይናችን በደብዛዛ ብርሃን የሚጠቀምባቸው ሴሎች ቀይን እምብዛም አያዩም። መብራት ሲጠፋ ሻማ አብርታችሁም እዩት። እኛ አገር ይህ ከፈተናው ውጭ አይደለም።

አምፖሉ

የማታ ክፍል ከሆነ ቀለሙን ከመቀየር አምፖሉን መቀየር ይቀልላል፣ ይረክሳልም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 2700 ኬልቪን የሚለው ቢጫው ነው፣ 6500 የሚለው ነጩ። ቢጫው ሁለቱንም ቀዮች ወደ ብርቱካን ይጎትታል። ወይን ጠጁ ሐምራዊነቱን አጥቶ መልካም ቀይ ይሆናል፣ በርበሬው ግን መጠኑን ሊያልፍ ይችላል። በነጩ ደግሞ ወይን ጠጁ ሐምራዊነቱ ይወጣል፣ በርበሬው ይደክማል። ስለዚህ ሱቁ በነጭ አምፖል ሲያበራ ያያችሁት ቀይ ቢጫ አምፖል ያለበት ሳሎን ውስጥ ሌላ ቀይ ነው።

ርካሽ ኤልኢዲ ላይ ሌላም ችግር አለ። ከብርሃኑ ውስጥ ቀዩ ክፍል ስለሚያንሰው ግድግዳው ጭቃማ ይመስላል። አንዳንዱ ካርቶን ላይ የቀለም አገላለጽ ቁጥር ከ100 ተሰጥቶ ይጻፋል። 80 የተለመደው ነው፣ 90 ካገኛችሁ ቀይ ለሚቀባ ክፍል ዋጋው ቢጨምርም ይገባዋል።

ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ

ሶፋና መጋረጃ ሊቀየር ይችላል፣ ወለል አይቀየርም። ስለዚህ ከወለሉ ጀምሩ። ቀይ ሊሾ ከሆነ ቀለሙ ወደ ቡኒና ብርቱካን ያደላ ነው፣ ከበርበሬው ጋር ይስማማል። ወይን ጠጁ አጠገቡ ሲቆም ሁለት ዘመድ ያልሆኑ ቀዮች ይጣላሉ። ወለሉ ግራጫ ሴራሚክ ወይም ጣውላ ከሆነ ሁለቱም ይሄዳሉ።

የመንዝ የሱፍ ባና ወይም በርኖስ ሶፋ ላይ የምታነጥፉ ከሆነ ታድላችኋል። የበግ ጠጉር ጥቁርና ቡኒ ከየትኛውም ቀይ ጋር ያምራል፣ የቀዩን ጩኸት ይቀንሳል። ቡፌውና በሩ ቀላ ያለ እንጨት ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግድግዳው ከእንጨቱ ጋር ሊመሳሰል ትንሽ ሲቀረው ነው የሚያስጠላው። ወይ በግልጽ ይለይ፣ ወይ ያው ይሁን።

አሁንም እኩል ከሆኑ

እስከዚህ ደርሳችሁ ካልለየላችሁ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ከሁለቱ ሰሌዳዎች ረጋ ያለውን ውሰዱ። ሰሌዳ ላይ ደከም ያለው ግድግዳ ላይ ይበቃዋል፣ ሰሌዳ ላይ ደማቅ የሆነው ግን ግድግዳ ላይ ይበዛል።

ሁለተኛው መለያ ቀለሙ ከምን እንደተሠራ ነው። ሸክላና ጡብ የሚመስሉ ቀዮች ብዙ ጊዜ ቀለማቸው ከብረት ኦክሳይድ (ከብረት ዝገት ዓይነት ዱቄት) ነው። ይህ ቀለም ፀሐይ አያደበዝዘውም፣ የሥሩንም በደንብ ይሸፍናል። የሚያበሩት ደማቅ ቀዮች ከሌላ ዓይነት ቀለም ነው የሚሠሩት፣ ብዙዎቹ የሥሩን አይሸፍኑም፣ ፀሐይም ቶሎ ይነካቸዋል። ከፍታ ላይ ፀሐይ ይበረታል፣ ስለዚህ በመስኮቱ በኩል ቀጥታ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ካላችሁ ኦክሳይዱ ይሻላችኋል። ባለሱቁን ጠይቁት፣ የሚያውቅ ይነግራችኋል።

ካታሎጉ ጀርባ ላይ የብርሃን መመለሻ ቁጥር ካለም እዩ። ደማቅም ጠቆር ያለም ቀይ ብዙ ጊዜ ከሚደርሰው ብርሃን ከ100 ውስጥ 10 ያህሉን ብቻ ይመልሳል፣ ነጭ ከ80 በላይ። አንድ ትንሽ መስኮት ያለው ክፍል ከሆነ ከሁለቱ ቁጥሩ ከፍ ያለውን መምረጥ ነው፣ ወይም አንድ ግድግዳ ብቻ ቀይ አድርጎ ኮርኒሱንና ሌሎቹን ክሬም መተው።

ከመቀባት በፊትና በኋላ

አዲስ የሲሚንቶ ልስን ላይ ቀይ ለመቀባት አትቸኩሉ። ሲሚንቶው ውስጥ ያለው አልካሊ አንዳንድ ቀዮችን ይበላል፣ ነጭ የጨው ላብም ያወጣል። ቀይ ላይ ደግሞ ነጭ እድፍ ከሩቅ ነው የሚታየው። ቢያንስ አንድ ወር ይድረቅ፣ በክረምት ከዚያም በላይ። የጭቃ ቤት በኖራ ተቀብቶ የቆየ ከሆነ ኖራውን ፍቃችሁ፣ አቧራውን ጠርጋችሁ፣ የሥር ቀለም ቀቡ። አለበለዚያ ቀዩ ከኖራው ጋር ተላጦ ይወርዳል።

ደማቅ ቀይ ከሆነ የሥር ቀለሙ ነጭ ባይሆን ይመረጣል፣ መካከለኛ ግራጫ ይሁን። ግራጫ ላይ ቀይ በቶሎ ይሸፍናል፣ ቢያንስ አንድ እጅ ያተርፍላችኋል። ቀለም ቀቢው "ጋሼ፣ ትንሽ ጥቁር ጠብ ላድርግበትና ይወፍር?" ካላችሁ አመስግኑትና ከልክሉት። ጥቁር የነካው ቀይ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ የመረጣችሁትም ሰሌዳ ሥራ ፈት ይሆናል።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። ግድግዳው 4 ሜትር በ2.8 ሜትር ከሆነ 11.2 ካሬ ነው። በሦስት እጅ 33.6 ካሬ። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ለስላሳ ስቱኮ ላይ ለአንድ እጅ 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል፣ ስለዚህ ወደ 3.4 ሊትር። ጋሎን እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ ጣሳው ላይ ያለውን ሊትር አንብቡ። ከአንድ ጣሳ በላይ ከገዛችሁ ሁሉንም ባልዲ ውስጥ ገልብጣችሁ አማስሉ። አንድ ቁጥር ያላቸው ጣሳዎችም ጥቂት ይለያያሉ፣ ቀይ ላይ ደግሞ ያ ጥቂት ይታያል።

የማያብለጨልጭ ቀለም የግድግዳውን ጉድለት ይደብቃል፣ ግን ሲፈተግ ቦታው ያብለጨልጫል። ልጆች ካሉና ሶፋው ግድግዳ ከነካ ከፊል አንጸባራቂው ይሻላል፣ ይታጠባል። ዘይት ቀለም ለሳሎን ግድግዳ አልመክርም። አምፖሉ ራሱ ግድግዳው ላይ ተንጸባርቆ ይታያል።

የተረፈውን ቀለም በደንብ ዘግታችሁ፣ ክዳኑ ላይ የክፍሉን ስምና ቀኑን ጻፉ። ደብረ ብርሃንና መንዝ ያላችሁ ውጭ መጋዘን ውስጥ አታስቀምጡት። ፕላስቲክ ቀለም ውርጭ ከመታው ይቋጠራል፣ ቢያማስሉትም አይመለስም።